ከውሻው ሥዕል ባሻገር

የድሬዳዋው ቀፊራ ረፋዱ ላይ ለመቆም የሚመች ቦታ አይደለም። ቅስት የተሠራላቸው የገበያው በሮች ዘንቢል የተሸከመችውንም፣ አህያ የሚነዳውንም፣ ከባጃጅ የወረደውንም በአንድ ላይ ይውጣሉ። ዋጋ በኦሮምኛ ይጠራል፣ በሶማሊኛ ይቀነሳል፣ በአማርኛ ይታረቃል። ከግርግሩ ፈንጠር ብሎ ሸራ ዘርግቶ አሮጌ ዕቃ የሚሸጥ ወጣት ፊት ግን አንድ ጡረተኛ ቁጢጥ ካሉ ቆይተዋል። ሸራው ላይ የከሰል ካውያ፣ ብርጭቆው የተሰነጠቀ ፋኖስ፣ ቁልፋቸው የጠፋ ጓጉንቸሮች አሉ። መሐላቸው የመንገደኛ ሻንጣ የሚመስል ጥቁር ሣጥን ተቀምጧል።

«ኦሪጅናል ነው ጋሼ! ውሻው አለበት እኮ» ይላል ልጁ፣ ክዳኑ ውስጥ ያለውን አርማ በጣቱ መታ መታ እያደረገ።

«ውሻውን ተወው አቦ። ይልቅ ይችን ገልብጥልኝ።»

ያሳዩት መርፌው የሚሰካበትን ክብ ጭንቅላት ነው። ልጁ ገለበጠው። አዛውንቱ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፍተው አንድ ቁጥርና አንድ ፊደል አነበቡ፤ 5ቢ ይላል። ከዚያ ሣጥኑን አዙረው የማዞሪያው እጀታ የሚገባበትን ቀዳዳ ፈለጉ። ቀዳዳው በጎን ሳይሆን ከፊት ነው። ፊታቸው ላይ ምንም አልታየም፤ ድሬ ውስጥ ዕቃ ሲገዙ የኖሩ ሰው ፊታቸውን ማሳየት የሚያስከትለውን ወጪ ያውቃሉ። ልጁ ዋጋ የሚቆርጠው በውሻው ነበር። እሳቸው ግን ቀዳዳውን አይተዋል።

ይህ ሣጥን እንግሊዞቹ ሂዝ ማስተርስ ቮይስ በሚል ስም ሲሸጡት የነበረው ተንጠልጣይ ግራሞፎን ነው። በፊደል አጠራሩ ኤችኤምቪ 101 ይባላል። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1925 ወጥቶ በ1931 ቦታውን ለ102 እስኪለቅ ድረስ ተሠርቷል (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶች ካልተገለጸ በቀር ሁሉም በፈረንጅ ናቸው)። መጀመሪያ ላይ የወጡት 101ዎች እጀታቸው ከፊት ይገባ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ቀዳዳው ወደ ጎን ዞረ። ስለዚህ ከፊት የሚዞረው ቀደም ያለና የሚፈለግ ዓይነት ነው። 5ቢ የሚለው ጭንቅላት ግን የእሱ አይደለም። 101 ከፋብሪካ ሲወጣ ይዞት የሚመጣው ቁጥር 4 የሚባለውን ሲሆን፣ 5ቢ ከ102 ጋር የመጣ የኋላ ዘመን ዕቃ ነው። አዛውንቱ ፊት የተቀመጠው እንግዲህ የ1920ዎቹ ገላና የቆየ ቢባል የ1930ዎቹ ጭንቅላት ያለው ዕቃ ነው።

ፎርጅድ ነው ማለት አይደለም። ንጹሕ ኦሪጅናል ነው ለማለትም ያስቸግራል። ኢትዮጵያ ውስጥ ከሚገኙት አሮጌ ግራሞፎኖች ብዙዎቹ ከእነዚህ ሁለት ስሞች መካከል ያሉ ናቸው፤ አገር ቤት ያለው ሰብሳቢ መማር ያለበትም ይህን መካከለኛ ቦታ ማንበብ ነው።

አርማው ለምን መጥፎ ምስክር እንደሆነ ለመረዳት የውሻውን የራሱን ታሪክ ማየት ይበቃል። ፍራንሲስ ባራድ የተባለው እንግሊዛዊ ሠዓሊ ኒፐር የሚባለውን ውሻ መጀመሪያ የሣለው ግራሞፎን ፊት አስቀምጦ አልነበረም። ውሻው ይሰማ የነበረው በሲሊንደር የሚሠራ ፎኖግራፍ ነበር። በ1899 የለንደኑ ግራሞፎን ኩባንያ ሥዕሉን በ50 ፓውንድ፣ የመጠቀም መብቱን በሌላ 50 ፓውንድ ሲገዛ፣ ፎኖግራፉ ተሸፍኖ በላዩ የኩባንያው ባለ ዲስክ ማሽን እንዲሣል አደረገ። የድሮው ማሽን ቅርጽ እስከ ዛሬ ከቀለሙ ሥር ይታያል። በዓለም ላይ ታዋቂ የሆነው የግራሞፎን ሥዕል ራሱ ዕቃው የተቀየረበት ነው! ከዚያ ወዲህ ያ ውሻ በአሜሪካው ቪክተር፣ በእንግሊዙ ኤችኤምቪ፣ በጃፓን ቪክተር፣ በካልካታ ይታተሙ በነበሩ የህንድ ሸክላዎች ላይ ሁሉ ተቀምጧል። ዛሬ ደግሞ ማንም በሚያሳትመው ማጣበቂያ ላይ ይቀመጣል።

የድምፅ ማሽን ወደ ኢትዮጵያ የገባው ግን ውሻው ዝነኛ ከመሆኑ በፊት፣ በሲሊንደር ነው። ነሐሴ 1890 ዓ.ም. (በፈረንጅ 1898) የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ለአፄ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ የተናገሩት ሰላምታ በሰም ሲሊንደር ተቀረጸ። መልእክቱን ያደረሰው የእንግሊዝ መልእክተኛ ካፒቴን ሃሪንግተን ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ድምፁን ቆመው እንደሰሙትና መድፍ እንዳስተኮሱለት ይነገራል። በንግሥቲቱ ፈቃድ ሲሊንደሩ ከተሰማ በኋላ እንዲሰበር ተደረገ። ምኒልክና ጣይቱ በበኩላቸው ድምፃቸውን ቀርጸው መልስ ልከዋል፤ ያ ቅጂ እስከ ዘመናችን ቆይቷል።

ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1902፣ ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ ደቻቱ ወንዝ አጠገብ ደረሰና ድሬዳዋ ተቆረቆረች። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። በዚያ መሐል ባሉት ዓመታት ከባሕር ማዶ የሚመጣ ዕቃ ከባቡር የሚወርደው እዚህ ነበር። የህንድ፣ የየመን፣ የግሪክ፣ የአርመን ነጋዴዎች ሱቅ ከፍተው የተቀመጡትም ለዚሁ ነው። ዛሬ የኤሌክትሮኒክስ ፈላጊ ወደ ታይዋን ገበያ እንደሚሮጠው ያኔ ዘመናዊ ነገር የፈለገ የሐረርጌ ባላባት ዓይኑን የሚጥለው ድሬ ላይ ነበር።

በባቡር ከወረዱት ማሽኖች ውስጥ በሲሊንደር የሚሠሩት ዛሬ እጅግ ብርቅ ናቸው፤ ገበያ ላይ ቢገኙ ግን መለየታቸው እንደሚፈራው ከባድ አይደለም። ኤዲሰን ፎኖግራፍን የፈለሰፈው በ1877 ሲሆን፣ ለቤት የሚሆኑትን ጌም፣ ስታንዳርድ፣ ሆም፣ ትራይምፍ እያለ በመጠን ከፋፍሎ ሸጠ። ጌም ትንሿ ናት። በእያንዳንዱ ስም ሥር ደግሞ ሞዴል ኤ፣ ሞዴል ቢ እያለ የሚሄድ ተከታታይ አለ። ፊደሉ ከመለያ ቁጥሩ ጋር ማሽኑ ላይ በተመታው ሰሌዳ ላይ ይገኛል። ሰብሳቢን የሚያሳስተው የ1908ቱ ለውጥ ነው። እስከዚያ ዓመት ድረስ ሲሊንደር የሚጫወተው ሁለት ደቂቃ ነበር፤ በአንድ ኢንች ውስጥ 100 መስመር ተቀርጾበታል። በ1908 አምበሮል የተባለው ባለ 200 መስመር መጣና አራት ደቂቃ መጫወት ጀመረ። ኤዲሰን የቀድሞ ደንበኞቹ እንዳይቀሩበት ለአሮጌዎቹ ማሽኖች የሚገጠም ተጨማሪ ጥርስ ሸጠላቸው። ስለዚህ ሰሌዳው ከ1908 በፊት የተሠራ መሆኑን እየመሰከረ ሁለቱንም ዓይነት የሚያጫውት ማሽን ቢገኝ አጭበርባሪ የሠራው ነው ብሎ መፍረድ ስህተት ነው፤ ያሻሻለው ፋብሪካው ራሱ ሊሆን ይችላል። ድምፅ የሚያነሣው ክፍል ላይ ያለው ፊደልም ይናገራል። ሲ ለሁለት ደቂቃ፣ ኤች ለአራት ደቂቃ፣ ኬ ደግሞ ሁለት ጫፍ ያላት፣ ዞር እያለች ለሁለቱም የምትሠራ ናት። ኤዲሰን በ1929 ሥራውን ዘጋ።

ወደ ዲስክ ስንመጣ ነገሩ ይሰፋል።

ቀፊራም ሆነ መርካቶ «አንቲካ ግራሞፎን» ሲባል ሰው ዓይኑ ላይ የሚመጣው አበባ የመሰለ ትልቅ የነሐስ ጡሩንባ ያለው ነው። ጥንቃቄ የሚያሻውም እሱ ጋ ነው። ዛሬ በየሆቴሉ እንግዳ መቀበያና በየሠርግ አዳራሹ የሚታዩት ባለ ጡሩንባ ግራሞፎኖች አብዛኞቹ ህንድ ውስጥ በቅርብ አሥርተ ዓመታት ለጌጥ የተገጣጠሙ ናቸው። ሞተራቸው አንዳንዴ እውነተኛ አሮጌ ነው፤ ከተሰበረ ተንጠልጣይ ግራሞፎን ተነቅሎ የገባ ነው። ጭንቅላታቸውም እንዲሁ። ሣጥኑና ጡሩንባው ግን የትናንት ሥራ ነው። «ውስጡ ያረጀ ነው፣ አይተህ ፍረድ» የሚል ሻጭ ስለዚህ አይዋሽም፤ ግን እውነቱንም አልተናገረም።

እነዚህን የሚያጋልጣቸው የጡሩንባው አንገት ነው። በ1903 አካባቢ የመጣው እውነተኛው ክንድ ከጭንቅላቱ ተነሥቶ ወደ ጡሩንባው እየሄደ ቀስ በቀስ ይሰፋል፤ ድምፁ የሚያድገው በዚያ መስፋት ነው። የአስመሳዩ ክንድ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ውፍረት ያለው ቱቦ ነው። ከዚያ በድንገት ጉልበቱን አጥፎ ወደ ላይ ይወጣና ጡሩንባውን ከሣጥኑ በላይ አጉል ከፍ አድርጎ ይሸከመዋል። ጡሩንባው ስስ ቢጫ ነሐስ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ሲነኩት የሚንቀጠቀጥ ነው። ከእውነተኞቹ ግን ብዙዎቹ ቀለም የተቀቡ ቆርቆሮ ወይም እንጨት ነበሩ። ሣጥኑ ስድስት ወይም ስምንት ጎን ሆኖ በቀይ ቡናማ ቀለም ከተጥለቀለቀ፣ የነሐስ ጌጥ በየማዕዘኑ ከተለጠፈበትና ውሻው በግንባሩ ከተቀመጠ፣ ሻጩ ስለ አያቱ የሚያወራውን ታሪክ ሰምቶ ሻይ መጋበዝ እንጂ ገንዘብ ማውጣት አያስፈልግም።

ሌላው ምስክር ብሎን ነው። ብሎን አይዋሽም ማለት አይቻልም፤ ግን ለመዋሸት የሚደክምበት ሰው ጥቂት ነው። በኮከብ ካቻቢቴ የሚፈታው ብሎን ከ1930ዎቹ አጋማሽ በፊት ገበያ ላይ አልነበረም። የ1910 ነው የተባለ ማሽን ኮከብ ብሎን ካለው ያ ብሎን ቢያንስ አንድ ጊዜ ተቀይሯል ማለት ነው። የእንግሊዝ ማሽኖች ብሎን ጥርሱ የእንግሊዝ ነው፤ የስዊስና የጀርመኖቹ በሚሊ ሜትር ነው። የተነካካ ብሎን ራሱ ላይ ጭረት አለ፤ ያልተነካ ግን ቁሻሻውም ቀለሙም ከአካባቢው ጋር አንድ ይሆናል። ልምድ ያለው ገዥ ከሁሉ በፊት ሞተሩ የተቀመጠበትን ሳንቃ አስነሥቶ ሥሩን የሚያየው ለዚህ ነው። ከላይ የተወለወለ፣ ከሥር አቧራና የደረቀ ቅባት ያለው ዕቃ መልካም ነው። ከላይም ከሥርም አዲስ ቫርኒሽ የተቀባ ዕቃ ጥያቄ ይጠየቅበታል።

ለድሬ ገበያ ግን ዋነኛው ዕቃ ባለ ጡሩንባው ሳይሆን ተንጠልጣዩ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በባቡርም በበቅሎም ይጫናል፣ ኤሌክትሪክ አይፈልግም፣ ክዳኑ ሲዘጋ አቧራ አይገባውም። የተንጠልጣዮቹ ፈር ቀዳጅ በ1914 እንግሊዝ ውስጥ የወጣው ዴካ ነው። ክዳኑ ውስጥ ሳህን የመሰለ ጎድጓዳ ብረት ነበረው፤ ድምፁ እሱ ላይ ነጥሮ ወደ ሰሚው ይመለሳል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወታደሮች በየምሽጉ ተሸክመውት ዞረዋል። ያ ጎድጓዳ ሳህን ክዳኑ ውስጥ ከታየ ዴካን ለማወቅ ስሙን ማንበብም አያስፈልግ።

ኤችኤምቪ 102 ግን ከሁሉም በላይ የበዛው ነው። በ1931 ወጥቶ እስከ 1950ዎቹ መጨረሻ ድረስ ተሠርቷል። እንዲህ የረዘመ ዕድሜ ያለው ዕቃ ውስጡ ሳይለወጥ አይቀርም፤ የሰብሳቢ ጨዋታም እዚያ ላይ ነው። የመጀመሪያዎቹ 102ዎች ጭንቅላት ቁጥር 16 ይባላል። ከዚያ 5ኤ ተተካ፣ ከዚያ 5ቢ። ሞተሩም በመሐል ተቀይሯል። ጥቁሩ በየቦታው የሚገኝ ሲሆን፣ ቀዩ፣ ሰማያዊውና አረንጓዴው ከእሱ ይልቅ ብርቅ ናቸው። አንድ 102 ጭንቅላቱ 16 ሆኖ የቀረው ነገር ሁሉ ከዚያ ዘመን ጋር የሚስማማ ከሆነ ገዥው እጁን ወደ ኪሱ ቢሰድ አያፍርም። 5ቢ ያለው ጥቁር ግን፣ ለማዳመጥ ከሁሉ የተሻለ ቢሆንም፣ እንደ ብርቅ ዕቃ ሊጠየቅበት አይገባም።

እነዚህን ጭንቅላቶች ቁጥራቸው ቢደበዝዝ እንኳ በዓይን መለየት ይቻላል። የ101ዱ ቁጥር 4 ውስጡ ማይካ ነው፤ እንደ ቀጭን መስታወት የሚያሳልፍ፣ ብርሃን ሲመታው ንብርብሩ የሚታይ። 16ም፣ 5ኤም፣ 5ቢም ስስ አሉሚኒየም ናቸው። ለውጡ ያለ ምክንያት አልመጣም። እስከ 1925 ድረስ ዘፋኝ የሚቀረጸው ጡሩንባ ውስጥ እየጮኸ ነበር። በዚያ ዓመት በማይክሮፎን መቅዳት ተጀመረና ሸክላው ውስጥ ከዚያ በፊት ያልነበረ ወፍራምና ቀጭን ድምፅ ገባ። ማይካው ያንን ሁሉ ማውጣት አቃተው፤ አሉሚኒየሙ የተሻለ አወጣው። ቀፊራ ያለው 101 ባለቤት፣ ማን እንደነበረ ባይታወቅም፣ ጭንቅላቱን በ5ቢ ሲቀይር ያበላሸ አልመሰለውም፤ አዲሱን ዘፈን ደኅና አድርጎ ሊሰማ ነው የቀየረው። የለንደን ሰብሳቢ እንዲህ ያለውን ዕቃ ዋጋ ይቀንስበታል። ለድሬ ግን ይህ መቀየር ዕቃው እዚህ አገር በሥራ ላይ እንደነበረ የሚያሳይ ማስረጃ ነው፤ ማይካው ሳይነካ ከቆየው ይልቅ የሚናገረው አለው። ለዚህ መከራከር ይገባል።

እርግጥ ክርክሩ ገደብ አለው። ድሬ የባቡር ወርክሾፕ ከተማ ነች። ቶርኖ ላይ ቆሞ ያረጀ ሰው ያልነበረበት ሰፈር የለም፤ እዚህ ሞላ የተበጠሰበት ሰው ለንደን ድረስ አይልክም። የግራሞፎን ሞላ ብዙ ጊዜ የሚበጠሰው ከጫፉ ነው። ባለሙያው የተበጠሰውን ይቆርጥና ጫፉን በእሳት አለስልሶ ይበሳዋል፤ መልሶም ይሰካዋል። ሞላው ስላጠረ ግን ማሽኑ በአንድ ማዞር የሚጫወተው ይቀንሳል፤ ዘፈኑ መጨረሻ ላይ ድምፁ ወፍሮ መጎተት ከጀመረ ምክንያቱ ይኸው ሊሆን ይችላል። ይህ ክብር ያለው ጥገና ነው። ከሦስት የሞቱ ማሽኖች አንድ ሠርቶ «አንደኛ ኦሪጅናል» ብሎ መሸጥ ግን ሌላ ሥራ ነው። የሁለቱ ልዩነት ዕቃው ላይ ሳይሆን ሻጩ ስለ ዕቃው በሚናገረው ላይ ነው።

ጥገና የማያድነው አንድ በሽታም አለ። በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ ብዙ ትንንሽ ክፍሎች የተሠሩት በዚንክ በተደባለቀ ርካሽ ብረት ነው። ድብልቁ ንጹሕ ካልነበረ ብረቱ ከዓመታት በኋላ ያብጣል፣ እንደ ደረቀ ጭቃ ይሰነጠቃል፣ ሲነኩት ይፈረካከሳል። ጭንቅላቱ ክንዱ ላይ የሚሰካበትን ክፍል በጥፍር መዳሰስ፣ ስንጥቅ መኖሩን ማየት ያስፈልጋል። ያበጠውን በጉልበት ማውጣት ክንዱንም ይዞ መሄድ ነው። የድሬን ሙቀት የለመደ ሰው ደግሞ ጭንቅላቱ ዙሪያ ያለውን ላስቲክ ያያል፤ የደረቀው ላስቲክ ድምፁን ቆርቆሮ ያደርገዋል፣ እሱ ግን በቀላሉ ይቀየራል።

ድሬዳዋ ከፈረንሳዮች ባቡር ጋር የተወለደች በመሆኗ አንድ ተጨማሪ ነገር ማወቅ ይጠቅማል፤ ፓቴ። የፈረንሳዩ ፓቴ ኩባንያ የራሱ ሕግ ነበረው። በአብዛኞቹ ሸክላዎች መርፌው ወደ ግራና ቀኝ ሲወዛወዝ፣ በፓቴ ላይ ወደ ላይና ወደ ታች ነው የሚሄደው። ጫፉም ብረት ሳይሆን ክብ ሰንፔር ነበር። የቀድሞዎቹ የፓቴ ሸክላዎች ጭራሽ ከመሐል ተነሥተው ወደ ዳር ይጫወታሉ። በዚህ ምክንያት የፓቴ ጭንቅላት ፊቱን ወደ ሸክላው ደፍቶ ይተኛል፤ የሌላው ግን ጎኑን ሰጥቶ ይቆማል። የተደፋ ጭንቅላት ያየ ሰው ፓቴን ወይም የኤዲሰንን ወፍራም ዲስክ የሚያጫውት ማሽን እንዳገኘ ይወቅ። ተራ ሸክላ አድርጎ «አይሠራም» ያለውን ሻጭም አይመነው፤ ማሽኑ የራሱን ሸክላ አጥቶ ሊሆን ይችላል።

የሸክላው ነገር ከተነሣ ደግሞ፣ ከማሽኑ ጋር በጆንያ ተጠቅልለው የሚመጡት ሸክላዎች አንዳንዴ ከማሽኑ ይበልጣሉ። ከኢትዮጵያውያን ቀድመው በሸክላ ከተቀረጹት መካከል የሚጠቀሱት ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው። በ1908 ወደ ጀርመን ተልከው በዚያ በነበሩበት ጊዜ ድምፃቸውን አስቀርጸዋል። እነዚያ ቅጂዎች ከመቶ ዓመት በኋላ ኢትዮፒክስ በተባለው ተከታታይ 27ኛ ቁጥር ሆነው እንደገና ወጥተዋል። የምሥራቁን ጆሮ የሞላው ግን ከባሕር ማዶ የሚመጣው ነበር። ሚዳቋ ያለበት የቤይዳፎን አርማ የቤይሩቱ ባይዳ ቤተሰብ ነው፤ ሸክላዎቹ የሚታተሙት ግን በርሊን ነበር። በ1930ዎቹ ኤደን ላይ ኦዴዎን የመሳሰሉት የየመን ዘፋኞችን ቀረጹ፤ የኤደኖቹ ራሳቸው ኤደን ክራውን፣ ጃፈርፎን እያሉ ድርጅት አቋቋሙ። ከኤደን እስከ ጅቡቲ ያለው ባሕር ጠባብ፣ ከጅቡቲ እስከ ድሬ ያለው ሐዲድ ቅርብ ነው። እንዲህ ያለ ስም ያለበት ሸክላ ከጆንያው ከወጣ፣ ማሽኑን ትቶ ሸክላውን መያዝ አላዋቂነት አይደለም።

ለውጭ ገዥ የሚሸጥ ሰው አንድ ነገር ይወቅ። አገር ውስጥ ያሉ ቅርሶች የሚተዳደሩት በቅርስ ጥናትና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ዓ.ም. ነው፤ ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም። ፋብሪካ የሠራው 102 ቅርስ ነው አይደለም ብሎ ኬላ ላይ ከመከራከር አስቀድሞ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ማሳየት ይሻላል።

ሰብሳቢዎች የሚያለቅሱበትን ጥፋት ብዙ ጊዜ የሚሠራው ሻጩ ነው። ማሽኑ እንደሚሠራ ለማሳየት ሲቸኩል እጁ የገባለትን ሸክላ ሁሉ ያስቀምጥበታል። እኛ አገር አሮጌውም አዲሱም ሸክላ ነው የሚባለው፤ ግራሞፎኑ ግን ለሁሉም አልተሠራም። በደቂቃ 78 ጊዜ የሚዞረው የጥንቱ ዲስክ ጠንካራና ተሰባሪ ነው። በላዩ የሚያርፈው ጭንቅላት ከ100 ግራም በላይ ይመዝናል። የብረት መርፌው ሊበላ የተሠራ በመሆኑ አንድ ፊት ካጫወተ በኋላ ይጣላል። አምሓ እሸቴ በ1969 ባቋቋመው አምሓ ሪከርድስና ከእሱ በኋላ በካይፋ ሪከርድስ የወጡት ትንንሾቹ ባለ 45 ግን ለስላሳ ቪኒል ናቸው። የድሬውን ልጅ የዓሊ ቢራን የ1970ዎቹ ሸክላ በ101 ላይ አስቀምጦ መርፌውን የለቀቀ ሰው አንዴም በወጉ አይሰማውም፤ መርፌው ድምፁን ከመስመሩ እየፋቀ ያልፋል፣ ሁለተኛ ሲያጫውቱት የሚቀረው ሹክሹክታ ነው። ለሙከራ የሚሆን፣ የተሰነጠቀና ማንም የማይፈልገው ባለ 78 ይዞ መሄድ የገዥው ድርሻ ነው። አንድ ቆርቆሮ አዲስ መርፌም አብሮ ይያዝ። ሸራ ላይ ያለው ማሽን የተሰካበት መርፌ ስንት ሸክላ እንዳጫወተ ሻጩም አያውቀውም።